በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረው

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ አንድ ደብር፣ በሰንበቴ ቤት ውስጥ የሰማሁት አጭር መልስ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሽማግሌዎቹ በየቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ ለስብከተ ወንጌል በቅርቡ የተመደበ አንድ ወጣት ዲያቆን ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስሙን ተናግሮ እንዲቀመጥ ጋበዘው። ግድግዳውን ተደግፈው ለተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ስሙ አልበቃቸውም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ማን ነው ደግሞ እሱ? ከየት የተገኘ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ የጠበቅሁት የተማረበትን ኮሌጅ፣ ያገኘውን ዲግሪ፣ ቢያንስ ቀድሞ ያገለገለበትን ደብር ነበር። አጠገባቸው የነበሩት መሪጌታ ግን «የኔታን ሲያስታጥብ የኖረ ልጅ ነው» ብለው ዝም አሉ። አዛውንቱም «እንዲያ ከሆነማ ደግ» ብለው ወደ ዳቦአቸው ተመለሱ።

እኔ እንጀራዬን የምበላው የሰው ማመልከቻ በማንበብ ነው። ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛዬ ላይ የሚያልፈው የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ሲቪ ነው፤ ሰውን ለአንድ ቦታ ብቁ የሚያደርገው ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ባልምልም፣ ምን እንደሚጠየቅ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። «የመምህሬን እጅ አስታጥቤአለሁ» የሚል ሲቪ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም በየትኛው መስፈርት ነጥብ እንደምሰጠው እንጃ። በዚያ ቤት ግን መልሱ ለሁሉም በቅቷል። ነገሩ እየተመላለሰ ሲያስቸግረኝ ሰንብቶ፣ ቀድሞ የት እንደሰማሁት በኋላ ትዝ አለኝ፤ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ላይ፣ ውኃ ባለቀበት በረሃ መካከል ሦስት ነገሥታት ነቢይ ሲፈልጉ የኤልያስ ደቀ መዝሙር ስለነበረው ስለ ኤልሳዕ የተሰጣቸው መልስ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

12 ጥማድ

የኤልሳዕን መጠራት ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምናውቀው ታሪኩን አልደግመውም፤ አንድ ቁጥር ላይ ብቻ ቆም ልበል። ኤልያስ ከኮሬብ ተመልሶ የሣፋጥን ልጅ ኤልሳዕን ሲያገኘው በ12 ጥማድ በሬዎች ያርስ ነበር፤ ራሱም ከዐሥራ ሁለተኛው ጋር ነበረ። በእኛ አገር አንድ ጥማድ በሬ ያለው ሰው ራሱን የቻለ ገበሬ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራውን እየጠበቀ ያርሳል። 12 ጥማድ ማለት 24 በሬ ከነአራሾቹ፣ ከነማሳው ነውና፣ ኤልሳዕ ከባለጸጋ ቤት የወጣ ልጅ እንደነበረ ለማንም አርሶ አደር ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ እጁን ይታጠባል እንጂ አያስታጥብም።

ኤልያስ ሊጠራው መጐናጸፊያውን ከጣለበት በኋላ አንድ ጥማድ በሬ አርዶ፣ በበሬዎቹ ዕቃ እንጨት ሥጋውን ቀቅሎ ለሕዝቡ ሰጠ፤ እነርሱም በሉ። ሰባክያን ይህን ሲተረጉሙ ወደ እርሻው እንዳይመለስ ቀንበሩን አነደደ ይላሉ፤ ትክክል ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከመጠራቱ በኋላ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ምግብ አብስሎ ለሰው ማቅረብ መሆኑ ነው። ትንቢት አልተናገረም፣ ጾም አላወጀም፣ ራእይ አላየም። አበሰለ፣ አበላ፣ ከዚያም ተነሥቶ ኤልያስን ተከተለ፤ «ያገለግለውም ነበር» በሚል ቃል የአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ይዘጋል።

ስሙ የማይጠራበት ዘመን

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ምዕራፎች በትልልቅ ነገር የተሞሉ ናቸው። የሶርያ ንጉሥ ሰማርያን ይከብባል፤ ናቡቴ ስለ ወይን ቦታው ተወግሮ ይሞታል፤ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ በሬማት ዘገለዓድ ጦርነት በቀስት ተወግቶ ይወድቃል፤ ልጁ አካዝያስ ከሰገነቱ ወድቆ ይታመማል፤ ኤልያስን ሊይዙ በመጡ የሃምሳ አለቆች ላይ እሳት ከሰማይ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኤልሳዕ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። በእስራኤልና በሶርያ መካከል ያለ ጦርነት ያለፈውን ሦስት ዓመት ከአካዝያስ የሁለት ዓመት ንግሥና ጋር ብናስበው፣ ቢያንስ ቢያንስ አራት ዓመት ያህል የጠፋ ሰው ነው። የተጠራ፣ መጐናጸፊያ የለበሰ፣ እርሻውን የተወ ሰው በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? በዚያ ዘመን ውስጥ የተነገረ ምንም ነገር የለም። የሚነገረን ዘመኑ ካለፈ በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው አፍ፣ በአንዲት ሐረግ ብቻ ነው፤ «በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረ»።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ዘመን ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከመንደር መንደር እየለመነ፣ ለየኔታ ውኃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲሸጋገር ዓመታት ይነጉዳሉ፤ ከእነዚያ ዓመታት አብዛኛው በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያን ዲያቆን አንድ እሑድ ወደ ታክሲ አብረን ስንሄድ «የኔታን ማስታጠቡ ምን አስተማረህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ትሕትና አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን «ጋሼ፣ የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ውኃው ሊያልቅ ሲል ማንቆርቆሪያውን አያዩትም፤ ስለዚህ እኔ ሳያልቅ ማወቅ ነበረብኝ። ካልሆነ ሳሙናው እጃቸው ላይ ይቀራል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ታክሲው መጣና ገባ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እጅ ሲታጠብ ዓይኔን ማንሣት አልቻልሁም። በዚያ ሰንበቴ ቤት ደጃፍ ባለ ቧንቧ ሮቶ ቆሟል፤ ወጣቶቹ ሁሉ እዚያ ታጥበው ይገባሉ። ለሽማግሌዎቹ ግን አሁንም አንድ ልጅ በግራ እጁ ሳፋ፣ በቀኙ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ፎጣውን በትከሻው ጥሎ ከአንዱ ወደ አንዱ ጎንበስ እያለ ይዞራል። መጀመሪያ ጣቶቹን ብቻ ሊያርስ ቀጭን አድርጎ ያፈስሳል፤ ሳሙናው እስኪያረፋ ያቆማል፤ ከዚያ ሰፋ አድርጎ ይለቅቃል። የሸሚዝ እጅጌ ሲወርድባቸው አይቶ ይታገሣል። በአንድ ማንቆርቆሪያ መደዳውን ሊያዳርስ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሰው ካበዛ ለመጨረሻው አይተርፍም። የሚያስታጥብ ሰው ዓይኑ እጅ ላይ ነው፤ ማን ሪህ እንዳለበት፣ የማን ጣት እንደማይታጠፍ፣ ማን ዛሬ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

ኤልሳዕም የኤልያስን እጅ እንዲህ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ኤልሳዕ የተጠራው ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ከለመነ ብዙም ሳይቆይ ነበር፤ በቀርሜሎስ ላይ እሳት ያወረደው ታላቅ ሰው ደክሞት ነበር። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላልና፣ እግዚአብሔር ለዚያ ድካም ከሰጣቸው መልሶች አንዱ እጁን የሚያስታጥብ ልጅ ነበር። ኤልሳዕ በቅርብ ያየው በቀርሜሎስ ላይ የቆመውን ሳይሆን ማዕድ ላይ የተቀመጠውን፣ የደከመውን፣ እንደኛ ሰው የሆነውን ኤልያስን ነው።

በሦስቱ ነገሥታት ሰፈር

የነገሩ ማጠንጠኛ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእስራኤል ንጉሥ ኢዮራም፣ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥና የኤዶምያስ ንጉሥ በሞዓብ ላይ ተነሥተው በኤዶምያስ ምድረ በዳ ሰባት ቀን ከዞሩ በኋላ ለሠራዊቱም ለእንስሶቹም የሚጠጣ ውኃ ጠፋ። ኢዮራም ተስፋ ቆረጠ። ኢዮሣፍጥ ግን የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚጠይቅልን ነቢይ በዚህ የለምን ብሎ ጠየቀ። ከሦስቱ ነገሥታት አንዳቸውም ኤልሳዕ በሰፈሩ መኖሩን አያውቁም ነበር። ያወቀው ከእስራኤል ንጉሥ አገልጋዮች አንዱ ነው፤ «በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረ የሣፋጥ ልጅ ኤልሳዕ እዚህ አለ» አለ።

ምዕራፎቹን በቅደም ተከተላቸው ለሚያነብ ሰው ይህ መልስ እንግዳ ነው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 ላይ ኤልሳዕ የኤልያስን መጐናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን ከፍሏል፤ ከነቢያት ልጆች 50 ሰዎች ከሩቅ ቆመው ወደ ዮርዳኖስ የሄዱትን ሁለቱን ተመልክተዋል፤ በኢያሪኮም ክፉውን ውኃ ፈውሶ ከተማይቱን አድኗል። እንግዲህ ያ አገልጋይ «ዮርዳኖስን የከፈለው» ሊል ይችል ነበር፤ በውኃ ጥም ላለቀ ሠራዊት «የኢያሪኮን ውኃ የፈወሰው» ቢል ደግሞ ከዚያ የተሻለ ምስክርነት አይገኝም። እርሱ ግን ያን ሁሉ ትቶ የማስታጠቡን ነገር ጠራ። አገልጋይ ስለሆነ ይሆናል፤ ሰውን በሥራው በኩል ማየት የሚያውቀው በዚያ መንገድ ነውና። ይልቅ የሚያስደንቀው የኢዮሣፍጥ ምላሽ ነው። ንጉሡ ማስረጃ አልጠየቀም፤ ወዲያው «የእግዚአብሔር ቃል በእርሱ ዘንድ አለ» አለ። ሦስቱም ነገሥታት ተነሥተው ወደ እርሱ ወረዱ፤ ማለት እርሱን ወደ እነርሱ አላስጠሩትም።

ኢዮሣፍጥ ምን ገብቶት ነው? ለረጅም ጊዜ ሳወጣ ሳወርድ የደረስሁበት ይህ ነው፤ ከነቢይ ጋር ማዕድ የቀረበ ሰው የነቢዩን ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከመነገሩ በፊትና ከተነገረ በኋላ ያለውን ዝምታም ያውቃል። በአደባባይ የሚሰማውን ሁሉም ሰምቶታል። ኤልያስ ከአክዓብ ፊት ተመልሶ እጁን ሲዘረጋ ያየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ቅርበት ውስጥ ሐሰተኛ ነቢይ ይወጣል ብሎ ኢዮሣፍጥ አላሰበም፤ በዚያ ጊዜ ባያስብም ልክ ነበር፤ ቆይቶ ግን ግያዝ የሚባል ሰው ይመጣል።

ኤልሳዕ በገና የሚመታ ሰው አስጠራ፤ በገናውም ሲመታ የእግዚአብሔር እጅ በላዩ ሆነች። ነፋስ አታዩም፣ ዝናብም አታዩም፣ ሸለቆው ግን ውኃ ይሞላል አላቸው፤ በነጋውም ሞላ። በኤልያስ እጅ ላይ በማንቆርቆሪያ ሲያፈስስ የኖረው ሰው በነቢይነቱ ነገሥታትን የረዳበት የመጀመሪያው ነገር ውኃ ነው።

የጓዳ ተአምራት

ከዚህ በፊትም በኋላም ያሉትን ምዕራፎች ስናነብ ኤልሳዕ የሚዳስሰው ነገር ሁሉ የጓዳ ዕቃ ነው። ለኢያሪኮ ውኃ አዲስ ማሰሮና ጨው አስመጣ። ባለ ዕዳ ልጆቿን ሊወስድባት ለመጣባት መበለት ከጎረቤት ባዶ ማድጋ እንድትዋስ ነገራት፤ ዘይቱም የቆመው የሚሞላ ዕቃ ሲያልቅ ነበር። በረሀብ ዘመን በጌልገላ የነቢያት ልጆች መርዛም ቅል ቀቅለው «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው ሲጮኹ ዱቄት ጨመረበት። በ20 የገብስ እንጀራ 100 ሰው አብልቶ ተረፈ። ዮርዳኖስ ውስጥ የወደቀ የተውሶ ምሳር አንሳፈፈ፤ «የተውሶ ነበር» ብሎ የጮኸውን ሰው ጭንቀት የሚረዳ ዕቃ ተውሶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን በለምጽ ሲመጣበት ደግሞ የሰጠው መድኃኒት ታጠብ የሚል ነው፤ ሰባት ጊዜ፣ በዮርዳኖስ።

ኤልያስም በሰራፕታ ዱቄትና ዘይት አብዝቷል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ምናልባት ኤልሳዕ የተማረው ከዚያ ታሪክ ይሆናል። በቤቴል መንገድ የዘበቱበትን 42 ልጆች የሰባበሩት ድቦችም በዚህ ስዕል ውስጥ አይገቡልኝም፤ ለማስገባትም አልሞክርም። ሆኖም የሁለቱን ነቢያት ሥራ ጎን ለጎን ስናየው የኤልያስ ስም ከእሳትና ከድርቅ ጋር፣ የኤልሳዕ ስም ከዕቃና ከውኃ ጋር መያያዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። እግዚአብሔር ኤልሳዕን ያዘጋጀው በእነዚያ ስሙ ባልተጠራባቸው ዓመታት ከሆነ፣ ዝግጅቱ የተሰጠውን ሥራ መልክ ሰጥቶታል። ውኃው መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ ያለበት ሰው የመበለቲቱ ዘይት መቼ እንደሚቆምም ያውቃል።

«ምን አድርጌልሃለሁ?»

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለብኝ። ይህን ታሪክ እንደ ልጓም የሚጠቀሙበት ሰዎች አውቃለሁ። ወጣቱ ጥያቄ ባነሣ ቁጥር «ኤልሳዕ እኮ ውኃ ያፈስስ ነበር» እያሉ ዓመት ከዓመት የሚያስጠብቁ አሉ፤ በመሥሪያ ቤትም ቡና የሚያስመጡበትን ልጅ ልምድ እየቀሰመ ነው የሚሉ አሉ። ታሪኩ ግን ለእነዚህ ሰዎች አይታዘዝላቸውም። ኤልሳዕ አባቴንና እናቴን ስሜ ልከተልህ ሲለው ኤልያስ የመለሰለት «ሂድና ተመለስ፤ ምን አድርጌልሃለሁ?» ብሎ ነው። አላሰረውም፣ ቃል አላስገባውም፣ ወራሼ ነህ ብሎም አላባበለውም። በመጨረሻው ቀን በጌልገላ፣ በቤቴልና በኢያሪኮ ሦስት ጊዜ «በዚህ ቆይ» ብሎ ሊያሰናብተው ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተውህም ያለው አገልጋዩ ነው።

ከዮርዳኖስ ማዶ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከአንተ ሳልወሰድ የማደርግልህን ለምን ብሎ የሚጠይቀው ጌታው ነው። ኤልሳዕ የመንፈሱን ሁለት እጥፍ ጠየቀ፤ ይህ በዘዳግም ሕግ የበኩር ልጅ ከአባቱ ርስት የሚደርሰው ድርሻ ነው። ሠረገላው ሲለያያቸውም «አባቴ፣ አባቴ ሆይ» ብሎ ጮኸ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን የኤልያስን ዕርገት ስታስብ እኔ ከሠረገላው ይልቅ ጆሮዬ ላይ የሚቀረው ይህ ጩኸት ነው። ሲያስታጥብ የኖረው ሰው ደመወዝ የሚጠይቅ አገልጋይ አልነበረም፤ ልጅ ሆኖ ነበር፤ ልጅ መሆኑን ደግሞ አባቱ አልካደውም። ማስታጠቡ ይህን ካላመጣ ጉልበት መበዝበዝ ነው፤ ስሙን ማሳመር አያስፈልግም።

ግያዝም አገልጋይ ነበር

ነገሩን እንዲህ ካስተካከልሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዳልረካ የሚያደርገኝ ግያዝ ነው። ኤልሳዕ ለኤልያስ እንደነበረ ሁሉ ግያዝም ለኤልሳዕ ነበረ፤ በሱነማዊቷ ቤት አብሮ ገብቷል፣ በትሩን ይዞ ሮጧል፣ ተአምራቱን በቅርብ አይቷል። ንዕማን ያመጣውን ገጸ በረከት ኤልሳዕ አልቀበልም ሲል ግን ከኋላው ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ በውሸት ተቀበለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረታችንን የሰማ ሰው የግያዝን ልብ ለመረዳት አይቸገርም፤ የሶርያ ብር በደጁ እያለፈ ነበር። «ከወዴት መጣህ?» ሲባል «ወዴትም አልሄድሁም» አለ፤ የንዕማንም ለምጽ ያዘው።

ስለዚህ የመሪጌታው መልስ በቂ አልነበረም ማለት ነው? በአንድ በኩል አልነበረም። «ሲያስታጥብ የኖረ ነው» የሚለው ቃል ስለ ግያዝም ሊባል ይችል ነበርና። ቅርበት ሰውን ያሳውቃል እንጂ አይለውጥም ብል ግን ታሪኩን ያለጊዜው ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ግያዝ እንደገና ይታያል። በምዕራፍ 8 ላይ፣ መጽሐፉ አሁንም «የእግዚአብሔር ሰው ሎሌ» እያለ ይጠራዋል፤ ከንጉሥ ፊት ቆሞ ኤልሳዕ ያደረገውን ታላላቅ ነገር ይተርካል። ታሪኩ በመጽሐፉ ውስጥ በተቀመጠበት ቅደም ተከተል የሆነ ከሆነ፣ ይህ ከለምጹ በኋላ ነው። አንዳንዶች ቅጣት ነው ይላሉ፤ የራሱ ሥራ የሌለው፣ የሌላውን ሥራ እያወራ የሚኖር ሰው። እኔ ግን ወደ ምሕረቱ አደላለሁ፤ ምክንያቱም ግያዝ የሞተው የሱነማዊቷ ልጅ በኤልሳዕ እጅ እንዴት እንደተነሣ ሲናገር፣ ለሰባት ዓመት በራብ ምክንያት ተሰድዳ የነበረችው የዚያ ልጅ እናት ስለ ቤቷና ስለ እርሻዋ ልትጮኽ በዚያው ሰዓት ገባች። ግያዝም «ጌታዬ ንጉሥ ሆይ፣ ሴቲቱ ይህች ናት፤ ልጅዋም ይህ ነው» አለ። ንጉሡም ጃንደረባ አዝዞላት ቤቷን፣ እርሻዋንና አገሩን ከተወችበት ቀን ጀምሮ ከመሬቱ የተገኘውን ፍሬ ሁሉ አስመለሰላት።